ሂስ ጽፎ ሽምግልና

ዘጋቢ ፊልም ማለት ሁላችንም የምናውቀውን ነገር አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው እንደ አዲስ የሚነግረን ጥበብ ነው። ተቃውሞ ያለው እጁን ያውጣ! ገብስ እንደምንዘራ እናውቃለን። የዘራነው እኛው ነና! ሰውየው ግን ከኋላው ዋሽንት አስነፍቶ «ገብስ… ከጥንት ጀምሮ… የደጋው ሕዝብ… የኩራት ምንጭ…» እያለ ሲያዘግም፣ ከገብስ ጋር ገና ዛሬ የተዋወቅን ይመስለናል። ከዚያ አንድ ኃላፊ ከረባት አስሮ አበባ አጠገብ ይቀመጥና «አካባቢያችን ዕምቅ የቱሪዝም ሀብት አለው» ይላል። ዕምቅ! እስከ መቼ ታምቆ እንደሚኖር እግዜር ይወቅ።

ከዚህ የባሰ ሥራ ፈትነት አለ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አለ። በዘጋቢ ፊልም ላይ ሂስ መጻፍ! አንዱ የምታውቁትን ነገር ይነግራችኋል፤ እናንተ ደግሞ የምታውቁትን ነገር እንደነገራችሁ ለሌላ ሰው ትነግራላችሁ። እኔ ይህንን ሥራ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ ፈቃዴ ተቀበልኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል እንዲህ ነው።

ሰይድ የሚባል ልጅ አለ፤ እዚሁ መካነ ሰላም ተወልዶ ያደገ። እንደ እኩዮቹ ዐረብ አገር ተሻግሮ፣ ሪያድ አካባቢ የሰው ግመል ሲጠብቅ ኖሮ ተመለሰ። ሌላው ከዐረብ አገር ሲመለስ ባጃጅ ይገዛል፣ ሱቅ ይከፍታል፣ ምንም ባያገኝ ሽቶ ተቀብቶ ይንጎራደዳል። ይሄ ካሜራ ይዞ መጣ! «ያ ሁሉ በረሃ ለዚህች ጥቁር ዕቃ?» ብሎ ከተማው ከንፈሩን መጠጠ። እሱ ግን ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገደል ለገደል፣ ገበያ ለገበያ ሲዞር ከረመና አንድ ቀን ቤቴ መጣ።

«ጋሼ፣ ፊልም ሠርቻለሁ። አይተው ጋዜጣ ላይ ይጻፉልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«እውነቱን።»

«እውነቱን?»

«ወላሂ እውነቱን ብቻ! ካልጣመዎት አልጣመኝም ይበሉ።»

እናንተዬ፣ «እውነቱን ንገረኝ» የሚላችሁን ሰው አትመኑት። ባለቤቴ ሙሉነሽ አዲስ ቀሚስ በለበሰች ቁጥር እውነቱን ንገረኝ ትለኛለች፤ አንድ ጊዜ ነግሬያት ምሳዬን ሆቴል በላሁ። ከዚያ መማር ነበረብኝ። ግን ጋዜጣ ላይ ስሙ የሚወጣ ሰው በከተማው እኔ ብቻ ነኝና ልቤ አበጠ፤ «አብሽር፣ እጽፍልሃለሁ» አልኩት።

ልጁ አንድ ነገር ደብቆኛል። ለእናንተ ግን አሁኑኑ ልንገራችሁና አብራችሁኝ ተሳቀቁ። ለካ ሰይድ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ መንደር፣ ሐዋ የምትባል ልጅ ወዶ ለአባቷ ለአያ እንድሪስ ሽማግሌ ልኮ ኖሯል። አያ እንድሪስ ስንዴያቸው ደጎሎ ገበያ ድረስ የሚታወቅ፣ ቃላቸው እንደ ሚዛን ድንጋይ የሚከብድ ገበሬ ናቸው። በአገራችን ደንብ መጀመሪያ ለመጣ ሽማግሌ «እሺ» አይባልም፤ «ላጣራ» ነው የሚባለው። ላጣራ ማለት የልጁን ዘር፣ ጠባይና ሥራ ከጎረቤት፣ ከገበያተኛ፣ ካስፈለገም ከጠላቱ ጠይቆ ማወቅ ነው። ዘሩ ተጣራ፤ ደህና። ጠባዩ ተጣራ፤ ማሻአላህ። ሥራው ላይ ሲደረስ አያ እንድሪስ ቀጥ አሉ።

«ካሜራ ሥራ ነው ወይ?» አሉ አሉ። «ሰው ላይ ሲያፈጡ መዋል ሥራ ከሆነማ የኔ ጎረቤትም ባለሥራ ነው። የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው ብሎ ይመስክርለትና ልጄን እሰጣለሁ።»

የሚያውቅ ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ! ሰይድ ይህን ያልነገረኝ እንዳላደላለት ብሎ ነው። ጨዋነቱን አያችሁልኝ? እኔ የፊልም ሂስ የምጽፍ መስሎኝ ብዕሬን ስስል፣ የሰው ትዳር ቢላው ሥር ተኝቷል።

እንዴት እንደሚጻፍ ስለማላውቅ እንደ ዘመኑ ሰው ስልኬን ጠየቅሁት። ስልኬም አይታክተው፣ መከረኝ። ታሪኩን እንዳለ አትዘርግፈው… የካሜራውን አያያዝ መርምር… አላስፈላጊ ትዕይንት ካለ ያለ ርኅራኄ ጠቁም… ከዳይሬክተሩ ጋር ዝምድና ካለህ ለአንባቢ ግለጽ! በዚችኛዋ ሳቄ መጣ። እዚህ አገር ከዳይሬክተሩ ጋር ዝምድና የሌለው ሰው ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ዘጋቢ ፊልም ይወጣዋል። በእናቱ በኩል ባይዛመድህ በአበልጅ ይዛመድሃል፤ በአበልጅ ካመለጠህ በዕድር ይይዝሃል።

ፊልሙ በወረዳው አዳራሽ ታየ። «ቦረና፦ ትናንት፣ ዛሬ፣ ነገ እና ከነገ ወዲያ» ይላል ርዕሱ፤ ቦረና ይቺው ወረዳችን ናት። እኔ እንኳ የፈራሁት ከነገ ወዲያን ነበር። ቀድሞ የመክፈቻ ንግግር ተደረገ፤ ከዚያ የመክፈቻውን ንግግር የሚያመሰግን ንግግር ተደረገ፤ ከዚያ ጉም መጣ። ጉም ስላችሁ ግማሽ ደቂቃ ታይቶ የሚገፈፍ አይምሰላችሁ። ጉሙ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይስፋፋል። ሊነሳ ነው ስትሉ ከሥሩ ሌላ ጉም! አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ይሄንንማ ቤቴ ደጃፍ ላይ በነፃ አየው ነበር» ብሎ ተነስቶ ወጣ።

እኔ አልወጣሁም። ኃላፊነት አለብኛ! ብዕሬን ይዤ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩና ቤቴ ገብቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ፊልሙ በጉም ይጀምራል፤ ጉሙም ለመሄድ አይቸኩልም። ትረካው ከገብስ እስከ መቅደላ አምባ ሁሉንም ልንካ ሲል አንዱንም አልጨበጠ። አንዲት እናት ስለ ስደት በሚናገሩበት ክፍል ካሜራው ይንቀጠቀጣል፤ ዳይሬክተሩ መቆሚያ ሊገዛለት ይገባ ነበር። ከሁሉም ግራ የሚያጋባው ግን አንዲት ባለ አረንጓዴ ሻርፕ ልጅ ናት። ስለ ስንዴ ሲወራ አለች። ስለ ደጎሎ ገበያ ሲወራ አለች። ስለ መንገድ ብልሽት ሲወራ፣ የተበላሸው መንገድ ዳር ቆማለች። ስሟ አይነገር፣ ቃል አይወጣት፤ ያለ ምክንያት ትታያለች። ዳይሬክተሩ ወይ ሌላ ሰው አጥቷል፣ ወይ ሌላ ሰው አይታየውም።»

«ወይ ሌላ ሰው አይታየውም!» ይቺን ስጽፍ ብቻዬን ሳቅሁ። ለሙሉነሽም አነበብኩላት። እሷ አልሳቀችም። «ልጅቷ የማን ናት?» አለችኝ። «የማንም ትሁን፣ እኔ ምን አገባኝ? ሂስ ነው!» አልኳት። ሴቶች አንዳንድ ጊዜ የጥበብ ነገር አይገባቸውም ብዬም በሆዴ ታዘብኳት። እስቲ አሁን ማን ማንን ይታዘብ?

ጋዜጣው እኛ ዘንድ እስኪደርስ ማን ይጠብቃል? አንዱ ገጹን በስልኩ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ሙሉነሽ ገበያ ወጥታ ዘንቢሏን ባዶውን ይዛ ተመለሰች።

«ቲማቲሙስ?» አልኳት።

«የምን ቲማቲም! ሰው ሁሉ እያስቆመ ባልሽ ምን በድሎት ነው ይለኛል እንጂ ማን ቲማቲም ይሸጥልኛል? ያቺ ልጅ የአያ እንድሪስ ሐዋ ናት። የሰይድ እጮኛ! ሽማግሌ ተልኮ፣ መልስ እየተጠበቀ ነበር… አንተ ሰውዬ፣ አፈረስከው!»

ነገሩን ከሥሩ ያን ቀን ሰማሁት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!

ወዲያው ደግሞ ለሰይድ ጋብቻ የሚሄዱት ሽማግሌዎች መጡ፤ ቄስ ገብሬና ሼህ አሊ። በኛ አገር ሽምግልና ሲኬድ ጥምጥሙም ኮፍያውም አብሮ ነው የሚሄደው፤ ሙሽሮቹ የማንም ይሁኑ የማን። ቄስ ገብሬ ተቀመጡ ሳይባሉ ተቀመጡ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ይሄ ሰይድ ቤትህን አቃጥሎብሃል?»

«ኧረ አባቴ፣ እኔ እኮ እውነቱን ነው…»

«እውነቱንማ እኛም እናውቃለን፤ ጉሙ ይረዝማል። ግን ሙሽራ ሊሆን ነው! ለሙሽራ እንዲህ ያለ እውነት ይነገራል?»

ሼህ አሊ ሳቃቸውን በጺማቸው ሸፈን አደረጉና «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕርማ እንዴት ይሆን?» አሉ። «በል ተነስ፣ አብረኸን ትሄዳለህ። አንተ የቀደድከውን እኛ ብቻችንን አንሰፋም።»

ሌላ ሰው ልላክ፣ ማስተባበያ ልጻፍ፣ አሞኛል… ሁሉንም ሞከርኩ። ሙሉነሽ ጋቢዬን ከሳጥን አውጥታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝና በሩን ከፍታ ቆመች። የዓለም የፊልም ሐያሲ ሁሉ ከፊልሙ በኋላ ቡና ቤት ይሄዳል፤ እኔ ሽምግልና ሄድኩ!

አያ እንድሪስ ደጃፋቸው ላይ ጠበቁን። ሁለቱን ሽማግሌዎች ተሳልመው ወደኔ ዞሩ። «ግቡ። አንቱም ይግቡ፣ ጣፊው።» እንዲህ ያለ አንቱታ ጠላቴን ይግጠመው! ገብተን እንደ ደንቡ ቆመን ስንጠብቅ፣ እሳቸው ወደ ጓዳ ተጣሩ።

«ሐዋ! ያንን ጥሑፍ አምጪና አንብቢላቸው።»

መጣች። አረንጓዴ ሻርፕ! ስልኳን ከፍታ መሀላችን ቆመችና ዜና እንደሚያነብ ሰው ድምፅዋን ጠርጋ ጀመረች። የራሳችሁን ጽሑፍ፣ ሳቅ ያላችሁባትን እያንዳንዷን ቃል፣ «ያለ ምክንያት ትታያለች» ያላችኋት ልጅ ፊታችሁ ቆማ፣ ነጥቡን ሳትስት፣ ትንፋሿን ሳታዛንፍ ስታነብላችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አትስሙ! «ወይ… ሌላ ሰው… አይታየውም» ብላ ስትጨርስ ላቤ በጋቢዬ ሥር ወረደ።

«አላህ ይስጥሽ፣ ተቀመጪ» አሉና አያ እንድሪስ ወደኔ። «እንግዲህ ይመልሱልኝ። እጁ ይንቀጠቀጣል ብለው ጥፈዋል። ይጠጣል?»

«ኧረ በፍጹም! የተንቀጠቀጠው ካሜራው ነው።»

«ካሜራው በራሱ ጊዜ ነው የሚንቀጠቀጥ?»

«አይ… በእጁ ስለያዘው ነው።»

«እጁ ነዋ!»

«አያ እንድሪስ፣ እኔ የተቸሁት ሥራውን እንጂ ልጁን አይደለም…»

«ጎተራው ያዘመመ ነው ብለው ቢጥፉ፣ የሠራውን ሰው አልነኩም ማለት ነው?»

ስልኬ ለዚህ ምክር አልሰጠኝም።

«ይሄስ ይሁን» አሉና ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጄን ምን አደረጓት? ሌላ ሰው አይታየውም ብለው ለአገር አወጁ። አሁን ገበያ ብወጣ ስንዴዬን ማን ይጠይቀኛል? ሻርፕ ነው የሚጠይቁኝ። ልጁን ብከለክለው ስሟ ከስሙ ጋር ወጥቶ ቀርቷል፤ ብሰጠው ደግሞ ዓመት ሙሉ በካሜራ ሲያድናት ለከረመ ጎረምሳ ሰጠ እባላለሁ። እስቲ የትኛውን ላርግ? አንቱ የተማሩ ነዎት፣ ይንገሩኝ።»

እዚህ ላይ ቀልዴ ሁሉ ጥሎኝ ጠፋ። ለአንዲት መስመር ሳቅ ብዬ የሰው ልጅ ስም ገበያ ላይ አስጥቼ ኖሯል። አንገቴን ደፋሁ።

«የሰው ወሬ ይዘን አንፍረድ፣» አሉ ሼህ አሊ። «ጣፊው የጣፈውን ሰማን። ፊልሙን ግን አንቱም አላዩት፣ እንየው።»

አያ እንድሪስ በር የሚያክል ቴሌቪዥን አላቸው፤ ትልቋ ልጃቸው ጂዳ ሆና የላከችው። ሰይድ ለሂሱ ብሎ የሰጠኝ፣ ፊልሙ ያለባት ፍላሽ ኪሴ ውስጥ ስለነበረች ተሰካች። ሽምግልና ቀረና ሲኒማ ሆነ።

ጉሙ መጣ። አያ እንድሪስ ታገሡ… ታገሡ… «ይሄ ጉም ምን ሆኖ ነው?» አሉ በመጨረሻ። ቄስ ገብሬን እዚያው ጉሙ መሀል ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አያ እንድሪስ «ስለ ጉሙ እንኳ እውነትዎን ነው» ሲሉኝ፣ ያን ቀን የሰማሁት ብቸኛ ሙገሳ ነበርና ልቤ ትንሽ ቀና አለች።

ከዚያ ስለ ስደት የሚናገሩት እናት መጡ። «ስልኩ ካልጠራ የሞተ እየመሰለኝ…» አሉ ካሜራውን ቀጥ ብለው እያዩ፣ «ሲጠራ ደግሞ ሞቷል ሊሉኝ እየመሰለኝ… ስንቱን ሌሊት ስልክ ታቅፌ አነጋሁት።» ምስሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከጓዳው በር ላይ የአያ እንድሪስ ባለቤት ቆመው ሲያዩ ኖረዋል፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሲያለቅሱ ሰማናቸው። የጂዳዋ ልጃቸው ናት የታወሰቻቸው።

«ይቺ የልጁ እናት አይደለችም?» አሉ አያ እንድሪስ።

«ናት» አሉ ሼህ አሊ። «ለሱ ነው የምትነግረው። ሪያድ ሆኖ የጠፋ ጊዜ ያየችውን።»

ማንም ወደኔ አልዞረም። ቢዞሩ ይሻለኝ ነበር። እናቱ ፊት ለፊት ቆማ ስታነባ ካሜራ ለያዘ ልጅ መቆሚያ ግዛ ብዬ የመከርኩ ጉድ ነኝ! አዳራሽ ውስጥ ስለ አያያዙ ስመረምር ማን እንደያዘው አልታየኝም። ጋቢዬን ወደ ፊቴ ሳብኩት።

ቀጥሎ ስንዴው መጣ። ባለ አረንጓዴ ሻርፗም መጣች። ገበያው መጣ፤ እሷም መጣች። የአያ እንድሪስ ፊት እየጠቆረ፣ እየጠቆረ ሄዶ ድንገት ፈካ አለ። ከልጃቸው ጀርባ አንድ ረዥም ሰው መንሽ ይዞ ስንዴውን ወደ ነፋስ ሲበትን ታየ።

«ይሄ… ይሄ እኔ አይደለሁም?»

«አንቱ ነዎት!» አልን ባንድ ድምፅ።

«መልሱት!»

መለስነው። «አሁንም መልሱት!» መለስነው። ጎረቤት ይጠራ ተባለ፤ ሼህ አሊ «ኧረ ሽምግልና ላይ ነን፣ አይሆንም!» ብለው በግድ አስቆሟቸው። ፊልሙ ሲያልቅ አያ እንድሪስ ወገባቸውን ቀና አድርገው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ፍርድ ሊሰጡ ነው አልኩ በሆዴ።

«ፊልሙ አጭር ነው» አሉ።

ሁለት ሰዓት ከምናምን የፈጀ ፊልም ነው!

«ስንዴው ጋ በደንብ መቆየት ነበረበት» ብለው ቀጠሉ። «ቢሆንም ሥራ ነው። ወላሂ ሥራ ነው! የዚች ልጅ ነገር ግን አልዋጥ ብሎኛል። ሐዋ፣ ነይ እስቲ። በሽማግሌ ፊት እውነቱን ተናገሪ። ይሄ ልጅ ሳታውቂ፣ ሳትፈቅጂ ነው ሲያነሳሽ የከረመው?»

ቄስ ገብሬ እንኳ ነቁ። ልጅቷ አቀርቅራ የሻርፑን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው፣ ፈታችው።

«አባዬ፣» አለች፣ «ሻርፕ ያጣሁ መሰለዎት? እህቴ ከጂዳ የላከችልኝ ሳጥን ሙሉ አለ። ቀዩም፣ ሰማያዊውም፣ ባለ ወርቁም። ዓመት ሙሉ ይሄንን ያላወለቅሁት…»

«እህ?»

«ከሩቅ ስለሚታይ ነው።»

አያ እንድሪስ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከጓዳ በኩል የሐዋ እናት ለቅሷቸውን ሳይጨርሱ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሼህ አሊ «አልሃምዱሊላህ! ሌላ ምስክር አያስፈልግም፣ እጃችሁን ለዱዓ አንሱ!» ብለው ማንም ሐሳቡን ሳይቀይር ምርቃቱን አወረዱት፤ ቄስ ገብሬ «አሜን» ሲሉ ከሁላችንም በላይ ጮኹ። ስንወጣ ሐዋ እስከ ደጃፉ ሸኘችንና ወደኔ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ ያለ ምክንያት ያሉትን ግን ለጋዜጣው ያርሙልኝ» አለችኝ።

ይኸው አርሜያለሁ። እንግዲህ ዘጋቢ ፊልም እንዴት እንደሚተች ለማወቅ የምትፈልጉ ሁሉ ስሙኝ። ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ ቅንብሩ ቀስ ብላችሁ ትደርሱበታላችሁ። መጀመሪያ ዳይሬክተሩ ማግባት አለማግባቱን አጣሩ። ካላገባ፣ ብዕራችሁን ተዉትና ሽማግሌ ፈልጉለት።